ከጽጌ እስከ በዓታ
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ስለ እናትነት የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



አንድ ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር በመታሰቢያው መጽሐፍ የሚጻፈው ነገር አስቀድሞ የታወቀ ነው። ታቦቱ የገባበት ቀን፥ ቦታውን የሰጡት ሰዎች፥ ሕንጻውን ያሠሩት፥ ደብሩን በየተራቸው ያስተዳደሩት አለቆች ስማቸው ይሰፍራል፤ ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ሕፃን አዝላ ለግንበኞች ውሃ የምትቀዳው፥ አንዱን ልጅ እያጠባች ሌላውን በቀሚሷ ጫፍ እያስከተለች ለዝክሩ ጠላ የምትጠምቀው ሴት ስሟ በየትኛውም ደብር መዝገብ አይገኝም። የዛሬው ቃል ስለ እርስዋ ነው። ድካሟን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ምስጋናማ በየዓመቱ ይነገራል፥ በማግሥቱም ይረሳል። ይልቁንም እናትነት ራሱ ነፍስን የሚያሳድግና ሰውን ከራሱ ጋር የሚያስተዋውቅ መንገድ መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር ነው።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በየቡ፥ በሰቃ፥ በገራ፥ የቡናው ዛፍ በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ሲያገኝ ነጭ አበባ ያወጣል። ከአበባው እስከ ቀይ እሸቱ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ይቈያል፤ ይኸውም ሴት በማኅፀኗ ልጅ ከምትሸከምበት ዘመን ጋር የተቀራረበ ነው። ጥቅምት ሲገባ እሸቱ ይቀላል፤ ለቀማውም እስከ ታኅሣሥ፥ በደጋው በኩል ከዚያም ወዲያ ይዘልቃል።

ይህ የለቀማ ወራት በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር በሁለት የእመቤታችን መታሰቢያዎች መካከል መዋሉን ብዙ ሰው አላስተዋለውም። በመጀመሪያው በኩል ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ዘመነ ጽጌ ነው፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ መሰደዷ በማኅሌት ይታሰብበታል፥ በማግሥቱም ኅዳር 6 ቀን ቍስቋም ይከበራል። በመጨረሻው በኩል ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ነው፤ ሐና የሦስት ዓመት ልጇን ወደ ቤተ መቅደስ አግብታ ሰጥታ ከኢያቄም ጋር ወደ ቤቷ ባዶ እጇን የተመለሰችበት ቀን ነው። በፊተኛው በዓል እናት ልጇን ታቅፋለች፤ በኋለኛው እናት ልጇን ትሰጣለች። የእናት ዕድሜ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ መንገድ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

እንግዲህ በጥቅምት ወር በአጋሮ አጠገብ የምትኖር አንዲት እናት ትታሰብ። ሊቃውንቱ ሌሊቱን ሙሉ በጸናጽልና በከበሮ ማኅሌተ ጽጌ ሲቆሙ እርስዋ ከቤቷ ናት፤ ድምፁ በነፋስ ሲመጣ ትሰማ ይሆናል። ጎሕ ሲቀድ ልጇን አዝላ፥ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ቡናው ትወርዳለች። የቀላ እሸት ቀን አይሰጥም፤ በዛፉ ላይ ከሰነበተ ይደርቃል፥ ይረግፋል፥ ዋጋውም ይወድቃል። ሕፃኑን ከዋንዛ ወይም ከብርብራ ጥላ ሥር ታስተኛዋለች፥ አንድ ዓይኗ ከቅርንጫፉ አንድ ዓይኗ ከልጁ ሆኖ ትውላለች። ማታ ደግሞ እሳቱ፥ እንጀራው፥ የትልቁ ልጅ ትምህርት አለ። እሑድ ከቅዳሴው መካከል ዘግይታ ትደርሳለች፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ከወዲያና ከወዲህ ስለሚያዩዋት አፍራ ወደ ዐጸዱ ትወጣለች፥ ሥጋ ወደሙ ሲሰጥ የዛፍ ሥር ሆና በሩቅ ታያለች። (ቡና መጠጣት እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ በክርስቲያኑ ዘንድ ሲነቀፍ ኖሮ ዛሬ በቡና ዋጋ ልጅ የሚጠመቅበት፥ ጥላና መጋረጃ ለቤተ ክርስቲያን የሚገዛበት አገር መሆኑን አባቶች ቢያዩት ምን ባሉ!)

ይህች እናት ለነፍስ አባቷ አንድ ቃል ትናገራለች፤ «አባ፥ ከወለድሁ ወዲህ ጸሎት አጣሁ» ትላለች። ይህን ቃል ሳይሰማ ያረጀ የነፍስ አባት በዚህ አገር ይኖራል ተብሎ አይታመንም። ጥያቄው ምን ይመልስላታል ነው።

መልሱን ከገድላት ለመፈለግ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ጊዜ ሳይጨነቅ አይቀርም። በ15ኛው መቶ ዓመት የነበረችው የቡልጋዋ ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ባል ያላት፥ የልጆች እናት፥ ባለጸጋም ነበረች፤ ነገር ግን ቤቷን ትታ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደች፥ ኋላም በጣና ባሕር በጓንጕት ገዳም በታላቅ ተጋድሎ ኖረች። በ17ኛው መቶ ዓመት ስለ ተዋሕዶ ሃይማኖት የተጋደለችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የዐፄ ሱስንዮስ ሹም የነበረው የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ነበረች፤ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት፥ ከዚያም በኋላ መነኰሰች። ገላውዴዎስ የተባለው መነኵሴ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1672 ዓ.ም. ገድሏን ጽፏል። እነዚህን ሁለት ታሪኮች ሰምታ «እንግዲህ ቅድስና ያለው ከቤት ከወጡ በኋላ ነው፤ እኔስ አራት ልጅ ይዤ ወዴት እወጣለሁ?» የምትል እናት ብትገኝ ሊፈረድባት አይገባም።

ነገር ግን ታሪኩ ጠልቆ ይታይ። ክርስቶስ ሠምራ ራሷን ያወቀችው በገዳም አይደለም፤ በቤቷ ነው። በአገልጋይዋ ላይ እጅግ ተቈጥታ ባደረሰችባት ነገር አገልጋይዋ ሞተች። ደንግጣ፥ አልቅሳ ወደ እግዚአብሔር ብትለምን የሞተችው ተነሣችላት። ከቤቷ ለመውጣት የበቃችው ከዚህ በኋላ ነው። ገድሏ እንደሚናገረው ይህች ቅድስት ኋላ ዲያብሎስ ስንኳ ይታረቅ ዘንድ እግዚአብሔርን የለመነች ናት፤ ብዙ ሰውም በዚህ ይደነቃል። የሚደነቀው የልመናውን መጠን እያየ ነው፥ ሥሩን ግን አያይም። የገዛ እጇ በቍጣ ሰዓት ምን ለማድረግ እንደሚችል በቤቷ ውስጥ ያየች ሴት «ይህስ ምሕረት አይገባውም» ብላ የምትተወው ፍጡር ከወዴት ታገኛለች? ወለተ ጴጥሮስም ሦስት ልጆቿን ከቀበረች በኋላ እናትነቷ አልተቀበረም፤ በስደት የተከተላትን ብዙ ሕዝብ ሰብስባ የማኅበር እናት ሆነች።

እንግዲህ የቅዱሳኑ መንገድ ከቤት ወዲያ ቢያልፍም መነሻው ከቤት ነው። ከቤቷ ለማትወጣው እናትስ? እርስዋ የምትመረመርባቸው ሰዓቶች እነማን ናቸው?

መጀመሪያው ምጥ ነው። ጐረቤት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላታል፤ ከተገላገለችም በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ይህ ቃል በልማድ ብዛት ቀለለ እንጂ የተማረ ሰው ከፍርድ ያመለጠ ሰው ነው። በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከመቶ ሺህ ሕፃናት ልደት ጋር 871 እናቶች በእርግዝና፥ በወሊድና በአራስነት ምክንያት ይሞቱ እንደ ነበር ተገመተ፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቍጥሩ ወደ 412 ወርዶ ተገኘ። መቀነሱ ደስ ያሰኛል፤ የቀረው ግን ደስ አያሰኝም። አንዲት ሴት በዚያ ሰዓት ሞትን በቅርብ አይታ ተመልሳለች። መነኵሴ ሞትን ዕለት ዕለት እንዲያስብ ይመከራል፤ እናት ግን ሳትመከር አስባዋለች። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር «ማርያም ትርዳሽ» ብሎ መሄድ ብቻ አይበቃም፤ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሳትን ሰው ማዘጋጀትም የዚያው ጸሎት ክፍል ነው።

ከዚያ በኋላ አራስነት ይመጣል። ለወንድ 40 ቀን፥ ለሴት 80 ቀን ከቤተ መቅደስ ርቃ ትቈያለች፤ ይህም በኦሪት ዘሌዋውያን የተጻፈ፥ በቤተ ክርስቲያን ሥርዐትም የጸና ነው። ብዙዎች እናቶች ይህን እንደ መጣል ይቈጥሩታል፤ ያስተማራቸው ሰው ስለሌለም አይፈረድባቸውም። መጽሐፈ ኩፋሌ ግን አዳም ከተፈጠረ በ40ኛው ቀን፥ ሔዋን ደግሞ በ80ኛው ቀን ወደ ኤዶም ገነት እንደ ገቡ ይናገራል። እንግዲህ በአርባውና በሰማንያው ቀን ሕፃን ታቅፋ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የምትቆመው ሴት የተጣለች ሳትሆን ተራዋ ደርሶ ወደ ገነት የምትገባ ናት። ይህን ያወቀች አራስና ይህን ያላወቀች አራስ ቀኖቹን አንድ አድርገው አይቈጥሩም።

በክርስትናውም ቀን አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ ወንዶች ብዙ አያስተውሉትም። ሕፃኑ ሥጋ ወደሙ እስኪቀበል ድረስ ጡት አይሰጠውም። ልጁ ያለቅሳል፤ እናቱ ለልቅሶው ወተቷ ይፈስሳል፥ ነጠላዋን ያርሳል፤ እርስዋ ግን ያላትን አትሰጠውም፥ የሚበልጠውን ትጠብቅለታለች። ከዚህ በፊት ብዙ ጾም ጾማ ይሆናል፤ የራሷን ረኃብ መታገሥ አውቃለች። የምትወደውን ሰው ረኃብ መታገሥ ግን የዚያን ቀን ትማራለች።

ሦስተኛው ሰዓት ስም የለውም፤ በየሌሊቱ ይመጣልና። ልጅ ከመውለዷ በፊት አንዲት ሴት ታጋሽ ነኝ ብላ ታምን ነበር፤ በውነቱም የሚፈትናት አልነበረም። ሌሊት ሦስት ጊዜ የተነሣች እናት በአራተኛው ጊዜ ራሷን ታውቃለች። ከአፏ የሚወጣውን ቃል ሰምታ ትደነግጣለች፤ እጇ ሕፃኑን ከሚገባው ይልቅ አጥብቆ እንደ ያዘው ታያለች። መነኵሴ ትጋህ ሌሊት ሲቆም ሰዓቱን ያውቀዋል፥ ደወሉም ያነቃዋል፤ የእናት ደወል ግን ሰዓት የለውም፥ አበምኔቷም ገና አፍ ያልፈታ ሕፃን ነው። ይህም ተጋድሎ አይደለም የሚል ቢኖር አንድ ሳምንት ይሞክረው።

ልጁ አፍ ሲፈታ ደግሞ ሌላ መስታወት ይመጣል። እናት በጓሮ ሆና ልጇ ታናሽ እኅቱን ሲቈጣ ትሰማለች፤ ቃሉ የእርስዋ ነው፥ ድምፁም የእርስዋ ነው፥ ስድቡ ስንኳ የእርስዋ ነው። ለነፍስ አባት ኃጢአትን መናገር ከባድ ነው፤ ኃጢአት ራሱ የሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ በቤት ሲመላለስ ማየት ግን ከዚያ ይበልጣል። የዚያን ቀን ማታ በራሷ አፍራ፥ ሕፃኑን አቅፋ «ይቅር በለኝ የኔ ልጅ» የምትል እናት ጸሎት አጣሁ ማለቷ ስሕተት ነው። ጸሎትን አላጣችም፤ ከልማድ ጸሎት ወደ እውነተኛው ጸሎት ተሻገረች እንጂ። ዳዊት መድገም ቀርቶባት ይሆናል፤ ዳዊት ያለቀሰውን ልቅሶ ግን አገኘች።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ቢታለፍ ንግግሩ ሁሉ ይበላሻል። ድካም ሁሉ ጽድቅ አይደለም። ሚስቱ ቡና ለቅማ፥ እንጨት ተሸክማ፥ ሕፃን አዝላ ስትመጣ ከመንገድ ዳር ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ባል «መከራዋ ለነፍሷ ይጠቅማታል» ቢል በእግዚአብሔር ላይ መዘበት ነው። በጽጌ የሚታሰበው ስደት የእመቤታችን ብቻ አልነበረም። አረጋዊው ዮሴፍ መንገዱን መርቷል፤ ሰሎሜም አብራ ተሰድዳ እመቤታችን በደከመች ጊዜ ሕፃኑን ተቀብላ አዝላለች። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሚሆን ስደት ያለ ሰሎሜ ጀርባ እንዴት ይቻል ነበር? በየሰበካው ማርያም በብዙ ቦታ አለች፤ የጠፋችው ሰሎሜ ናት። ያልወለደችም ሴት፥ ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰችም አሮጊት፥ የክርስትና እናት የሆነችም፥ በቅዳሴ ሰዓት የሌላይቱን ሕፃን ለግማሽ ሰዓት ብትቀበላት ከዚህ መንገድ ድርሻዋን ታገኛለች።

ከመታቀፍ ወደ መስጠት የሚደረገው ጉዞ ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል። በዚሁ በጅማ ምድር የእናት ልብ አገር ያዳነበት ታሪክ አለ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ገና ወጣት ሳሉ በነገሡ ጊዜ እናታቸው ንግሥት ጉሚቲ ታላቅ ምክር ነበራቸው። በ1870ዎቹ ዓመታት የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ ኃይል ወደዚህ ሲገፋ፥ ልጃቸው ጦርነት ከሚገጥሙ እየገበሩ አገራቸውን ቢጠብቁ እንደሚሻል መከሯቸው፤ ንጉሡም ሰሙ። ጐረቤቷ ከፋ በ1889 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ብዙ ስትጐዳ ጅማ እስከ 1920ዎቹ ድረስ በራሷ ባላባት ተዳደረች። ንግሥቲቱ እስላም ነበሩ፤ ነገር ግን ማስተዋል ከእግዚአብሔር ነውና ምስጋናቸውን መንፈግ አይገባም። ልጇ ንጉሥ የሆነላት እናት ክብሩ ሁሉ ሳይጐድል እንዲቈይ መመኘቷ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ እኒህ እናት ግን ከልጃቸው ክብር ጥቂቱን ለቅቀው ልጃቸውንና ሕዝቡን አተረፉ።

ለአብዛኞቹ እናቶች ግን የመስጠቱ ቀን የሚመጣው በአውቶቡስ ነው። ልጅ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፤ ሴት ልጅ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ትሄዳለች። ሐና ልጇን የሰጠችው ወደ ቤተ መቅደስ ነው፤ የዛሬዋ እናት ወዴት እንደምትሰጥ ስንኳ አታውቅም። ከዚያም ወዲያ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ሃያ ዓመት «ልጄ፥ ልጄ» ስትል የኖረች ሴት ልጁ ሲሄድ እርስዋ ማን እንደ ሆነች ይጠፋባታል። ካህናት ይህን ሰዓት ሊያውቁት ይገባል። ይህች ሴት በሥራ ቀን ያለ ምክንያት መጥታ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ስትቀመጥ፥ አንዳንድ ጊዜም ብቻዋን ስትናገር ትታያለች።

ካህኑ ዔሊ እንዲህ ያለችውን ሴት አይቶ ተሳስቷል። መጽሐፈ ሳሙኤል እንደሚተርከው ሌላይቱ ሐና፥ የሳሙኤል እናት፥ በሴሎ ቤተ መቅደስ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ስትለምን ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እርስዋም አልተቈጣችም፥ አልወጣችም፤ ጌታዬ ብላ ልቧ ያዘነባት ሴት መሆኗን ነገረችው፤ እርሱም ቃሉን መልሶ ባረካት። ዔሊ የተመሰገነ ካህን አልነበረም፤ ልጆቹንም በሚገባ አላሳደገም። ስሕተቱን ወዲያው ለመተው የቻለበት ያ ሰዓት ግን ሳይመሰገን አይታለፍም። ሕፃን ሲያለቅስ ፊቱን የሚያጠቍር ሁሉ፥ ካህንም ቢሆን ምእመን፥ ይህን ታሪክ ደግሞ ቢያነበው መልካም ነው።

ሐና የተሰጣትን ልጅ ጡት ካስጣለችው በኋላ ለቤተ መቅደስ ሰጠችው። መጽሐፉም በዚያ አላበቃም፤ በየዓመቱ መሥዋዕት ለመሠዋት ከባሏ ጋር ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ታመጣለት እንደ ነበር ይጨምራል። ልጁ ከእርስዋ ዘንድ የለምና ልኩን ልትወስድ አትችልም፤ ዘንድሮ ትከሻው ይህን ያህል፥ ክንዱ ይህን ያህል ሆኖ ይሆናል እያለች በልቧ እየለካች ትሰፋ ነበር ማለት ነው።

በታኅሣሥ፥ ቡናው ከተሸጠ በኋላ፥ በጅማ መናኸሪያ ማልዶ የተገኘ ሰው እንዲህ ያሉትን እናቶች ያያል። የተቈላ ቡናና በሶ በከረጢት ቋጥረው በላዩ አዲስ ሹራብ አጥፈው አኑረዋል፤ ተማሪ ልጅ ወዳለበት ከተማ የሚሄድ መንገደኛ ይፈልጋሉ። ሹራቡ የተገዛው በግምት ነው፤ ልጁ አድጓል ብለው ከአምናው አንድ ቍጥር ከፍ አድርገው ገዝተውታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።